በአባት ስም ቦታ

ቅናት የያዘኝ መሪ ጨብጬ ነው።

የካቲት ነበር። መንገዱ በረዶ ለብሷል፤ እኔ የሸለቋችንን ልጆች ከትምህርት ቤት ወደየቤታቸው እየመለስኩ ነው። ያቺን ሚኒባስ አሥራ አንድ ዓመት ነድቻታለሁ። ልጆች የሾፌርን ጀርባ እንደ ግድግዳ ነው የሚቆጥሩት፤ ግድግዳ ፊት ደግሞ የማይወራ ነገር የለም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን አባት ትራክተሩን ቦይ ውስጥ እንደከተተ፣ የየትኛው ቤት ሰዎች ሊለያዩ እንደሆነ ከቄሷ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። የሰማሁትን ለሰው አልናገርም። ስጸልይ ብቻ ስማቸውን እየጠራሁ ለሚመለከተው አቀርባለሁ።

የዚያን ዕለት ብሪንያ የምትባል የጎረቤት ልጅ ከኋላ ሆና እንደ አስተማሪ ጉሮሮዋን ጠረገችና ስም መጥራት ጀመረች። ጨዋታ መሆኑ ነው። እኛ አይስላንዶችም ከራስ ስም ቀጥሎ የምናስከትለው የአባት ስም ነው፤ ለሴት ልጅ ጫፉ ላይ «ዶቲር» ይታከልበታል፣ የእገሌ ሴት ልጅ ለማለት። ብሪንያ ግን በአባት ስም ቦታ የእናት ስም እያስገባች ነበር የምትጠራው። የተጠራችው ሁሉ «አቤት» ትላለች፣ ከዚያ ሳቅ ይሆናል።

«ድሪፋ ቶርዲሳርዶቲር» አለች ብሪንያ።

«አቤት» አለች ልጄ።

በስፖኪዮ አየኋት። አልሳቀችም። ሌሎቹ ተጫውተውበታል፤ እሷ ግን በገዛ ስሟ እንደተጠራ ሰው ቀና ብላ ነው የመለሰችው። ይህን ስም ከዚያ ቀን በፊት ለብቻዋ ብዙ ጊዜ እንደሞከረችው ከድምፅዋ ገባኝ። ቶርዲስ ሚስቴ ናት። እኔ ሃውኩር እባላለሁ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ድሪፋ ሃውክስዶቲር ነበረች።

ማርሽ ስቀይር እጄ ከበደ መሰለኝ መኪናዋ ጮኸች። «አባዬ፣ በረዶ ነው እኮ» አለች ድሪፋ ከኋላ። አባዬ መባሉ እንኳ ገና አልተወሰደብኝም ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ በፊት እስከነበረው መስከረም ድረስ ጋቢና ከጎኔ ነበር የምትቀመጠው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ወንበር የእሷ ነበር። ቦርሳዋን እግሯ ሥር ትጥላለች፣ ሬዲዮውን ትነካካለች፣ የበጎቻችንን ስም ከእኔ ጋር ትቆጥራለች። በመኸር መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን በኋላ በር ገባች፤ ትልቅ ልጅ ሆናለች ብዬ ተውኩት። አሁን ግን ወንበሩ ባዶ መሆኑ በአዲስ መልክ ታየኝ። ሌላ ልጅ የለንም። ቶርዲስ ከድሪፋ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ አልሆነም፤ እኔም እግዚአብሔርን በዚያ ጉዳይ መነዝነዝ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ስለዚህ እኔ ስሞት ስሜ በሰው አፍ የሚቆየው እሷ ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ አላስቸገረኝም። ቶርዲስ የሸለቋችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ማኅበሩ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ሰው ሲሞት የለቅሶውን ገበታ የሚያዘጋጁ፣ በበዓል ቀጫጭን ቂጣ ጋግረው ከሩባርብ ማርማላታ ጋር የሚያቀርቡ፣ ለጤና ጣቢያው መጋረጃ የሚሰፉ ሴቶች ናቸው። ቶርዲስ ከምሥራቅ የባሕር ዳርቻ ለአንድ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ ልታበስል መጥታ ነው እኔን አግብታ የቀረችው። ሊቀመንበር በሆነች ጊዜ፣ መጋገሩን አንተውም፣ ግን እየጋገርን የምንነጋገረው ነገር ይኑረን አለቻቸው። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ተጀመረ። መሬት እንዴት እንደሚወረስ፤ በሸለቋችን ካሉት ሃያ ሁለት እርሻዎች ወረቀቱ በሴት ስም የሆነው ሦስቱ ብቻ ለምን እንደሆነ፤ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ፣ መጀመሪያ ይቅርታ ሳይጠይቁ፣ እንዴት መናገር እንደሚቻል። ይህን ሁሉ የተማርኩት እኔም ነኝ፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ከሾፌር ወንበር ላይ።

የዚያ ዓመት ሥራቸው ደግሞ መጽሐፉ ነበር። የሸለቋችን እርሻዎች ታሪክ የተጻፈበት ወፍራም መጽሐፍ በየቤቱ አለ። በእያንዳንዱ እርሻ ሥር ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ የኖሩት ገበሬዎች በተርታ ተዘርዝረዋል፤ የሚስቶቹ ቦታ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ «ሚስትና አምስት ልጆች» ተብሎ ታልፏል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወይም ከእናቶቻቸው ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ እዚህ የኖረችው ሴት ማን ትባል ነበር ብለው ጠየቁ። የድሮ ደብዳቤ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የሽማግሌ ትዝታ ሰበሰቡ። ከዚያ የገበሬዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ገብተው መጽሐፉ ተስተካክሎ እንዲታተም ጠየቁ። ድሪፋ ናት የተናገረችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። በሦስት ድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። በዚያን ዕለት እጄን ሳነሳ ትንሽ ኮራሁ፤ ሰዎችም ዞር ብለው አዩኝ። ለሰው ቤት ሲሆን እጄ ቀላል ነበረች።

በመጋቢት ፎርሙ መጣ።

ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቅቤው ጎን ተቀምጧል። ሬይክያቪክ ላለው መዝገብ ቤት የሚላክ ነው። አመልካች ድሪፋ፣ የአሁን ስም ይህ፣ የሚፈለገው ስም ያ። ከታች ሦስት የፊርማ መስመር አለው፤ የልጅ፣ የእናት፣ የአባት። ልጆች አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ ሲጠመቁ ሌላ ሰው የገባላቸውን ቃል በራሳቸው አፍ የሚያጸኑበት ቀን አለን። በእኛ ደብር የጰራቅሊጦስ ዕለት ነው። ድሪፋ በዚያ ቀን በአዲሱ ስም መጠራት ፈለገች። ለዚያ እንዲደርስ ፎርሙ እስከ ግንቦት መጀመሪያ መላክ ነበረበት።

ድሪፋ ፈርማለች። የቶርዲስ መስመር ባዶ ነው። የምትፈርመው ከእኔ በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ፤ እሷ ቀድማ ከፈረመች እኔን መጫን ይሆንባታል። ይህንንም እንደ ብልጠት ቆጠርኩት።

«ልጸልይበት» አልኩ።

ይህን ያልኩት ለማዘግየት መሆኑን እግዚአብሔርም እኔም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የማልኮራባቸው ናቸው። ሁለቱ ወጥ ቤት ሲስቁ ሰምቼ እገባለሁ፣ ሳቁ ይቆማል፣ ወይም የቆመ ይመስለኛል። ድሪፋ ቢላ ስትይዝ እንደ እናቷ አመልካች ጣቷን ጀርባው ላይ ታስደግፋለች፤ ለአሥራ አራት ዓመት ያላየሁት ነገር ነው፣ አሁን ዳቦ በቆረጠች ቁጥር ያንን ጣት አያለሁ። ጨው አቀብሉኝ ብላ የምትጠይቀው ማንን ነው? ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመጀመሪያውን ወሬ የምትነግረው ለማን ነው? እኔ አብሬያት መኪና ውስጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀምጬ ያልሰማሁትን ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ለእናቷ ትነግራለች። ቤተ ክርስቲያን ቄሷን እየረዳሁ ሻማ ሳበራ፣ መንበሩን ጨርቅ ሳለብስ፣ ልቤ የሰላይ ልብ ሆኖ ነበር። ቶርዲስንም ሳያት ሚስቴን አላይም፤ ያሸነፈችኝን ሰው ነው የማየው።

አንድ ቀን በጎች እየመገብን ለድሪፋ መላ አመጣሁላት። ሕጉ ሁለቱንም ስም ይፈቅዳል፤ የሃውኩርና የቶርዲስ ልጅ ሆና ብትጻፍስ? ድሪፋ ድርቆሹን እየበተነች በደንብ አሰበችበት፤ ቸኩላ እምቢ አላለችም።

«ያኔ ሰው ያሳጥረዋል» አለች።

«ማን ያሳጥረዋል?»

«አንተ።»

ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ቄስ ኡኑር አራት ቤተ ክርስቲያን ስለምታገለግል የልጆቹን ስም ታምታታለች፤ ስለዚህ ቃላቸውን በሚያጸኑበት ቀን ረዳቷ እኔ ነኝ ዝርዝሩን የምጽፈውና የማነበው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ የማርታና የዮን ልጅ ተብላ ተጽፋ ነበር። እኔ ስሙ ረዘመብኝና ዮንስዶቲር ብዬ አለፍኩ። ማርታ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ድሪፋ ይህን ሁሉ አስታወሰችኝ። እኔ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያላለኝ ግን አላደረግኩትም ማለት አልነበረም።

ሰው እንደዚህ ሲነገረው አርፎ ይቀመጣል። እኔ ግን ሚያዝያ ላይ ወደ ከተማ ነዳሁ።

በእኛ ዘንድ ቃሉን ለሚያጸናበት ቀን ልጅ የመዝሙር መጽሐፍ ይገዛለታል፤ ሽፋኑ ላይ ስሙ በወርቅ ቀለም ይታተማል። መጽሐፉ ዕድሜ ልክ የሚያዝ ነው፤ አብሮ የሚቀበርም አለ። የመጻሕፍት መደብሩን የያዘችው ላውፌይ የእኔንም መጽሐፍ ያተመች ሴት ናት፤ ያኔ ወጣት ነበረች፣ አሁን መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ነጩን ሽፋን መረጥኩ፤ ስሙን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት።

«ድሪፋ ሃውክስዶቲር» ብላ አነበበች። ከዚያ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። «ከልጅቷ ጋር ተነጋግራችኋል?»

«ስሟን አላውቅም ነው የምትዪው?»

«ዘንድሮ አራት አባቶች መጥተው አሳትመው፣ ሦስቱ ተመልሰው መጥተዋል። ወርቅ አይለቅም፣ ሃውኩር። ልለው የፈለግኩት እሱን ነው።»

«አራተኛው አልተመለሰም አይደል?»

«አራተኛው ሴት ልጅ የለውም። ለወንድ ልጁ ነው።»

አትሚው አልኳት። ማሽኑ ሲሞቅ ቆሜ ጠበቅኩ። ስሜ በወርቅ ሲወጣ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ ሌባ ይዞ ሲሮጥ የሚሰማው ዓይነት ደስታ። ፎርሙ ሳይላክ መጽሐፉ ከተሰጣት፣ ልቧ ራርቶ ትተወዋለች ብዬ ነበር ያሰብኩት። ልጄን በስጦታ ልይዛት ነበር።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ሰጠኋት። ወረቀቱን ፈታችና ሽፋኑን በመዳፏ ዳሰሰች። ቶርዲስ ከምድጃው ዞር አላለችም።

«ያምራል» አለች ድሪፋ። ገጾቹን ገለጠች፤ የተቆጣች መስሎኝ ነበር፣ ግን ቃል እየመረጠች ኖሯል። «አባዬ፣ ኦድጌይር ቤት የሆነውን ነግሬህ አላውቅም።»

ኦድጌይር የሸለቋችን ራስ ላይ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። ልጆቹ ስለ ሴቶቹ ስም ሲጠይቁ ድሪፋና እናቷ እሱ ዘንድ ሄደው ነበር። ሰውየው ደግ ነው፤ ያጨሰውን የበግ ሥጋ ቆርጦ አቀረበላቸው፣ የአያቱን ስም፣ የአያቱን እናት ስም ሳይቀር ነገራቸው፤ ከዚያ የእንግዶች መዝገቡን አወጣና ማን እንደመጣ ጻፈ። ድሪፋ ከጎኑ ቆማ አየችው። የጻፈው «የሃውኩር ሚስት። የሃውኩር ልጅ» ነው።

«አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ኖራለች» አለች ድሪፋ። «ለእናቱ ለቅሶ ምግቡን የሠራችው እሷ ናት። ስሟን ለመጻፍ ቦታ አላጣም፤ አላሰበውም። አንተን ሁሉም ያውቅሃል፣ አባዬ። እኔ ስምህን ብይዘውም ባልይዘውም ትታወቃለህ። እማዬ ግን እኔ ካልያዝኳት ሸለቆው ውስጥ የለችም።»

ከምድጃው በኩል ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ። ቶርዲስ አሁንም አልዞረችም።

ድሪፋ መጽሐፉን መልሳ ወደ እኔ ገፋችው። «አንተ ዘምርበት። ስሜ አብሮህ ይሆናል።» ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጥታ ሚኒባሷ ውስጥ ጠበቀችኝ። በኋላ በር ነው የገባችው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የማልፈርምበት ምክንያት አልነበረኝም። ግን ምክንያት ማጣትና መፈረም አንድ አይደሉም። ልጄ ስለ እናቷ የተናገረችውን ሰማሁ እንጂ ስለ እኔ እንዲህ የተናገረችበትን ቀን አላስታውስም ነበር፤ ያ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ግንቦት ገባ፣ የበግ ወሊድ ተጀመረ። በዚያ ወቅት ቤቱ ወደ በረት ይዛወራል፤ ሰው ቁርሱንም ጸሎቱንም እዚያው ነው። ፎርሙ የሚላክበት ቀን አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ አንዲት በግ ምጥ ጠናባት። ጥጃ የሚያህል ነገር ነው የተሸከመችው። የእኔ እጅ ትልቅ ነው፤ ቶርዲስ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እጇን በሳሙና አሽታ ገባችበት። እኔ ያንን ሰዓት መረጥኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው ተነስቶ መሄድ በማይችልበት ሰዓት መናገር የፈሪ ነው፤ ግን ተናገርኩ።

«ልጄን ወሰድሽብኝ» አልኩ።

«አሁን ነው የምትለኝ?» እጇ እስከ ክርኗ በጓ ውስጥ ነው።

«አሁን ነው።»

«እንግዲያው ጭንቅላቷን ያዝልኝ። እግሩን አግኝቼዋለሁ።»

ያዝኩላት። በጓ አቃሰተች፣ ቶርዲስ ጥርሷን ነክሳ ጎተተች፣ ግልገሉ እንደ እርጥብ ከረጢት ጭዱ ላይ ወደቀ። አፍንጫውን ጠረገችለት፣ በጭድ ጫፍ ኮረኮረችው፣ አስነጠሰ። እናቱ ፊት አስቀመጠችውና እጇን ሳትታጠብ ድርቆሹ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቅናቱ።»

ቃሉን ራሷ አወጣችው። እኔ ለካህንም፣ ለፈጣሪም በዚህ ስሙ ጠርቼው አላውቅም ነበር። «ከየካቲት ጀምሮ» አልኩ።

«ሦስት ወር።» በጣቷ ቆጠረች፣ ሳታሾፍ። «እኔን ከያዘኝ አሥራ አራት ዓመት ነው።»

የበጓን ጭንቅላት ለቀቅኩ።

«የተወለደች ዕለት አልጋዋ ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ የሃውኩር ልጅ ይላል። እዚያው አጠገቧ ተኝቼ፣ ሰውነቴ ገና እየደማ አነበብኩት። ክትባት ስወስዳት የሃውኩር ልጅ። ትምህርት ቤት ሳስመዘግባት የሃውኩር ልጅ። ዓይኗ የሃውኩር፣ አረማመዷ የሃውኩር። ቀናሁብህ። ክፉኛ ነው የቀናሁብህ፤ ልጅ ይዤ እየሳቅሁ እቀናብህ ነበር። አንተ ከሾፌር ወንበር ሆነህ የማይሰማህ ነገር የለም ይባላል። ይህን አልሰማህም።»

«አልነገርሽኝማ።»

«ማንስ ጠየቀኝ?»

«ስለዚህ ነው ያስተማርሻት? ብድርሽን ልትመልሺብኝ?»

ይህን ስላት ፊቷ ተለወጠ፤ የነካሁት ቁስሏን መሆኑ ገባኝ። ግልገሉን ወደ እናቱ ጡት ገፋ አደረገችና እንዲህ አለች፤

«ስሜን ውሰጂ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። ለልጆቹ የማስተምረው ስለ ሁሉም ሴት ነው፤ የራሴ ነገር አንድ ቅዳሜ እንኳ ከአፌ አልወጣም። ራሷ መጥታ ስትነግረኝ ግን ደስ አለኝ፣ ሃውኩር። በጣም ደስ አለኝ። ከአንተ ደብቄ ወጥ ቤት ውስጥ ደስ አለኝ። በመደበቄ ይቅርታ አድርግልኝ። በስሙ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

ተነስታ ወደ ሌላዋ በግ ሄደች። ሥራ ነበረን፤ በዚያ ቀን አሥራ ሰባት ወለዱ።

ከሰዓት በኋላ እረፍት ሳገኝ መጽሐፍ ቅዱሴን አወጣሁ። ትምህርቴን በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው ያቋረጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በዚህ መጽሐፍና በሰው ወሬ ነው። ለእኔ የሚፈርድ ቃል ነበር የፈለግሁት፤ አልዋሽም። ማቴዎስን ከፈትኩ። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ፤ ያ ረጅም የአባቶች ዝርዝር ዘንድሮም እንደ ሁልጊዜው ቆሞ ጠበቀኝ። ስንት የገና በዓል ይህን ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤዋለሁ። ያን ሁሉ አባት ሳልፍ መካከል ላይ «የኦርዮ ሚስት» የሚለው ጋ ደረስኩ። ንጉሥ የወለደች ሴት ናት፤ እዚያ መስመር ላይ ስሟ የለም። ኦድጌይር መዝገቡ ላይ እንደጻፈው ነው የተጻፈችው። ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። መጽሐፉ አልፈረደልኝም፤ አልፈረደብኝምም። ያነበብኩትን ሳላይ ለስንት ዓመት እንዳነበብኩት ብቻ አሳየኝ።

ፎርሙን የሚኒባሷ ኮፈን ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። የፈረምኩት ልቤ ስለጸዳ አይደለም። ሦስት ወር ምን እንደሚመስል ስለማውቅ፣ አሥራ አራት ዓመት ምን እንደሚመስል መገመት ስለቻልኩ ነው። ለቶርዲስ ስሰጣት እጇን በልብሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። የእሷ መስመር ላይ ስትፈርም፣ ስሟን ሙሉውን፣ አንድ ፊደል ሳታስቀር ጻፈችው። ለድሪፋ ሄጄ አልነገርኳትም፤ በማግሥቱ ፖስታ ቤት ሳልፍ መኪናዋን አቁሜ ልጆቹ እያዩ ደብዳቤውን ሳጥኑ ውስጥ ጣልኩት። ከኋላ ጫጫታው ቀጥ አለ። ብሪንያ ብቻ «ሾፌራችን የፍቅር ደብዳቤ ጀመረ» አለች፣ ሁሉም ሳቁ። ድሪፋ የሳቀች አልመሰለኝም። በስፖኪዮ ላያት ፈልጌ ፀሐይ ከለከለኝ።

የጰራቅሊጦስ ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን ሞላች። ትንሽ ናት፤ በቆርቆሮ የተሸፈነች፣ ከሰማንያ ሰው በላይ የማትይዝ። ነጭ የለበሱ አራት ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዝርዝሩን በዋዜማው በእጄ ጽፌዋለሁ። ብዕሩ በሁለተኛው መስመር ላይ እንዳይቆም ስለፈራሁ ከታች ጀምሬ ወደ ላይ ነው የጻፍኩት። መጻፍና በአፍ ማለት ግን ይለያያል። ጠዋት ባዶዋን ሚኒባስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስነዳ ስሙን ጮክ ብዬ ተለማምጄው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወጣ፣ አራተኛው ግማሹ ላይ ቀረ።

የመክፈቻውን ጸሎት አነበብኩ። ቄስ ኡኑር ራሷን ነቀነቀችልኝ። ብሪንያን ከነአባቷ ስም ጠራሁ፤ ተነሳች። ከዚያ ወረቀቱን አየሁ። ሰማንያ ሰው ያውቀኛል፤ ሰማንያው ሰው የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፤ ገሚሱ ተሳስቶ ነው የሚል፣ ገሚሱ ምነው ቤታቸው ምን ገባ የሚል መሆኑን አውቄዋለሁ። ማሳጠር ይቻል ነበር። «ድሪፋ» ብሎ ብቻ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም።

«ድሪፋ ቶርዲሳርዶቲር» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ድሪፋ ተነስታ ቆመች፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም፣ እስከዚያ ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለችውን ቶርዲስን አየሁ። ልጅቷን እያየች አልነበረም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር፤ ቀና ስትል ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር በርቷል። ያንን ፊት አላውቀውም። በሠርጋችን ቀን አላየሁትም፤ ድሪፋን የታቀፈች ዕለትም አላየሁትም፣ ለምን እንዳላየሁት ደግሞ አሁን አውቃለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ገበታ ላይ ስንበላ ይህን ፊት ላመጣላት አልቻልኩም። ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው፣ ደስታው ግን ከልጅቷ ነው የመጣላት። እዚያው መቅደሱ በር ላይ ቆሜ፣ ወረቀት ይዤ፣ በዚያም ቀናሁ።

አምላኬ ሆይ ይቅር በለኝ አልኩ በልቤ፤ ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ አላውቅም። ዝርዝሩ ላይ ገና ሁለት ስም ነበረኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ቀጠልኩ።